የጀዊሪያ የሻይ ቅጠል ጣሳ

ስለ ጀዊሪያ ላወራችሁ ነውና አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ሴትዮዋ ታናድደኛለች። ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ሳታናድደኝ የምትውልበት ቀን ቢኖር እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ቸርች ስለምውል ነው።

ቦታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከልብስ ተራው ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሸማኔዎቹ ከሚሠሩበት ግቢ ፊት ለፊት። የእኔ ስፌት ቤት ናት። የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ጥለት እገጥማለሁ። የእሷ ሻይ ቤት ናት። በመሃላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው፤ የሰው ጭንቅላት የምታሳልፍ አንዲት መስኮት አለችው። መስኮቷን የቆረጣት የጀዊሪያ ባል ሀምዳን ነው። ክር ነጋዴ ነበር፤ አላህ ይርሐመው ትላለች እሷ፣ እኔም አሜን እላለሁ። አንድ ቀን "እናንተ ስትመላለሱ የበሩ ደፍ አለቀ" ብሎ መጋዝ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሻዬ በመስኮቷ ይገባል፣ ባዶ ብርጭቆው በመስኮቷ ይወጣል፣ ስድቡም በዚያው ያልፋል።

ጀዊሪያ ከስልጤ የመጣችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ሙሽራ ሆና ነው። ሀምዳን ሲታመም የክር ሱቁን ግማሽ ባዶ አደረገችና አንድ በራድና ስድስት ብርጭቆ ይዛ ተቀመጠች። ዛሬ ሸማኔው ሁሉ የእሷ ደንበኛ ነው። ማን ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚፈልግ አትጠይቅም፤ ታውቃለች። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው "ዛሬ እንኳን ጨምሪልኝ" ቢላት፣ "ሚስትህ ጋ ልደውል?" ትለዋለች። ሁለት ልጆቿ መርካቶ የራሳቸው ሱቅ አላቸው፤ ሁልጊዜ "እማ፣ በቃሽ፣ ቤትሽ እረፊ" ይሏታል። "ቤት ተቀምጬ ማንን ልቆጣ?" ነው መልሷ።

ሁለት ነገሮቿን ካላወቃችሁ ጀዊሪያን አላወቃችሁም። አንደኛው አፍንጫዋ ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራ ቀሚስ ስተኩስ ስልክ ተደወለልኝና ወሬ ይዞኝ ሄደ። ጨርቁ ገና ቀለሙን ሳይቀይር፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም ሳይሸተኝ፣ በመስኮቷ "የሺ! ካውያሽን አንሺ!" ብላ ጮኸች። ያቺ ሙሽራ እስከ ዛሬ ምን እንደተረፈላት አታውቅም። ወተት አንድ ሰዓት ቀድሞ መበላሸቱን ታውቃለች። ከሰባት ሰዓት በኋላ እሷ ቤት ሳምቡሳ የለም፤ የተረፈውን ሰው እየለመናት ትደፋዋለች። "የረፈደበት ምግብ ከእኔ እጅ አይወጣም" ትላለች።

ሁለተኛው የሻይ ቅጠል ጣሳዋ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር፤ ሥዕሉ ጠፍቶ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። የሻይ ቅጠሏን እዚያ ትገለብጥና ከላይ ቅርንፉድ ታፈስበታለች። ጠዋት ጠዋት "ቢስሚላህ" ብላ ሦስት ጊዜ ትነቀንቀዋለች። ድምፁን በግድግዳው ስሰማ ሥራ እጀምራለሁ። ያ ጣሳ ከሀምዳን ጊዜ ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም። አንዴ "ለምን አታጥቢውም?" ብላት፣ እጄን ልቁረጥልሽ ያልኳት ይመስል አየችኝ። "ጠረኑ የት ይሂድ?" አለችኝ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ኢየሩ አንድ ልጄ ናት። አባቷ ገና ጡት ስትጠባ ጥሎን ስለሄደ ያሳደግናት ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጀዊሪያ። የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሻይ ቤቱ ጥግ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስታጠፋ እኔ እገርፋለሁ፣ ጀዊሪያ ትደብቃታለች፤ ከዚያ ሁለታችንም እንጣላለን።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመንደራችን ምርቃት ተደገሰ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁንም ጎረቤቶቼ ናቸው። ሩዙ ከዋዜማው ጀምሮ ውጭ ማደሩን የሰማነው ከበላን በኋላ ነው። ወይ ጉድ! መንደሩ በሙሉ ሽንት ቤት በር ላይ ተሰለፈ። ጀዊሪያ ብቻ አልበላችም፤ በሩ ላይ አሽትታ "ሆዴ ሞልቷል" ብላ ተመልሳለች። ለእኛ አለመናገሯን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም፤ "ድግስ ሰው ፊት አይነወርም" ትላለች እንጂ እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጭቷታል። በጣም የደከሙትን ሁለት ሰዎች ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ፔርሙዟን አንጠልጥላ ቤት ለቤት ዞረች፤ ጥቁር ሻይ፣ ያለ ስኳር።

ኢየሩ ፍራሽ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። "ጠጪ!" አለቻት።

"እትዬ ጀዊሪያ፣ ለምን ግን ሻይ?"

"እኔ በምን አውቄ! ዩኒቨርሲቲ የምትሄጂው አንቺ ነሽ።"

ልጄ ያኔ ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ማስተርስ ልትጀምር ነበር። ከፍራሹ ስትነሣ ምን እንደምታጠና ወስና ነው የተነሣችው፤ ሻይ ቅጠል ምግብ የሚመርዙትን ባክቴሪያዎች ማቆም ይችላል ወይስ አይችልም?

እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። ሻይ ቅጠል ውስጥ ካቴኪን የሚባል ነገር አለ፤ ስኳር የሌለው ሻይ ምላስ ሲይዝ የሚያኮማትረውና የሚያደርቀው እሱ ነው። የአንዳንዱን ባክቴሪያ ቆዳ እየጎዳ እንዳይራባ ያደርገዋል። ሲሞከር፣ ባክቴሪያውን ክብ ሳህን ላይ ያለብሱታል። በሻዩ ጭማቂ የተነከረች የአዝራር ያህል ወረቀት መሃል ላይ ያስቀምጣሉ። ሙቀት ውስጥ ሲያድር ባክቴሪያው ሳህኑን ይሸፍነዋል። ወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ከታየ ባክቴሪያው እዚያ መድረስ አልቻለም ማለት ነው። ቀለበቱ በሰፋ ቁጥር ሻዩ በረታ።

"ሳህን ላይ ማቆምና ሰው ሆድ ውስጥ ማቆም የተለያየ ነው እማዬ" አለችኝ። "ለሰው እንዳታወሪ።" እኔ ለማንም አላወራሁም፤ ለቸርቻችን መዘምራን ብቻ ነው የነገርኳቸው።

ጥር ላይ ቅጠል አስፈለጋት። ሙከራው በሙሉ ከአንድ ቅጠል መሠራት አለበት አለች፤ ግማሽ ኪሎ ያህል። ከሱቅ ልትገዛ ስትነሣ ጀዊሪያ በመስኮቷ ሰማች። "እኔ እያለሁ ከሱቅ?" አለች፤ ድምጿ ውስጥ ለቅሶ አለ። ጣሳዋን በዚያው ጠዋት ሞልታው ነበር። "ኢየሩ፣ ቅጠል ብቻ ነው የምትፈልጊው? ሌላ ምንም?" "ቅጠል ብቻ፣ እትዬ።"

ከዚያ ያየሁትን ልናገር። ጀዊሪያ ጣሳዋን ሰፌድ ላይ ገለበጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ቅርንፉዱን አንድ በአንድ ለቀመች። ምስር የምትለቅም ነው የምትመስለው። ሸማኔዎቹ በር ላይ ቆመው "ጀዊሪያ፣ ሻይ!" ይላሉ። "ዛሬ ለሳይንስ ነው የምሠራው፣ ውሃ ጠጡ!" አለቻቸው። ሲመሽ ሰፌዱ ላይ አንዲት ቅርንፉድ አልቀረችም። እኔም አገላብጬ አይቻለሁ።

ግንቦት ላይ ልጄ እየሮጠች መጣች። ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየችን። ቀለበቱ ሃያ አንድ ሚሊሜትር! ምግብ ይመርዛሉ ብላ በምትሞክራቸው በሁለቱም ባክቴሪያዎች ላይ፣ በስታፊሎኮከሱም በሳልሞኔላውም። አማካሪዋ ዶክተር ጸሐይ ሳልሞኔላ ለሻይ እንዲህ አይበገርም ብለው "እስቲ ድገሚው" ብለዋት ነበር። ሦስቴ ደገመችው፤ ሦስቴም ያው። እልል አልኩ። ጀዊሪያ በራዱን እሳት ላይ ረስታ ወጥታ አቀፈቻት። "ወላሂ ሻዬን አውቀዋለሁ!" ትላለች። የዚያን ቀን ሻይ በነጻ ነበር፤ ሸማኔዎቹ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ዲፌንሱ፣ ማለቴ ፈታኞች ፊት ቆማ ሥራዋን የምታስረዳበት ቀን፣ ለሰኔ ተቆረጠ። ሰኔ ላይ ካላቀረበች እስከሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ አለባት። አንድ የምግብ ምርመራ ላብራቶሪ ደግሞ ዲግሪውን በሐምሌ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው ብሏታል፤ ካላመጣች ለሌላ ሰው ይሄዳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ለሠራሁት ሥራ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም፣ እንድታውቁት ነው።

በሳምንቱ ኢየሩ ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ ከሙከራው የተረፈ የሻይ ጭማቂ። "እትዬ ጀዊሪያ፣ ይኸው ሻይዎ ምን እንደሆነ ይዩት" ብላ መስኮቷ ላይ አስቀመጠችና ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ ሄደች። ጀዊሪያ ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ፊቷ ጠቆረ።

"የሺ፣ ይሄ ሻይ ቅጠል ብቻ አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

"ቅርንፉድ አለበት።"

"ለቅመሽው የለ እንዴ! በዓይኔ አይቻለሁ።"

ጣሳዋን አነሣች፣ ቅጠሉን ሳህን ላይ ደፋች፣ ነጭ ወረቀት ዘርግታ የጣሳውን ቂጥ መታ መታ አደረገች። ቡናማ ድቃቂ ወረደ፤ እንደ በርበሬ የላመ። የስንት ዓመት ቅርንፉድ በየጠዋቱ ስትነቀንቀው ተፈጭቶ ከታች ተኝቷል። ሰፌዱ ላይ ስትገለብጠው አብሮ ወርዶ ቅጠሉን ሁሉ ለብሶታል። ያን በጣት ማን ይለቅመዋል? እንደምታውቁት ቅርንፉድ ጥርስ ሲያምም የምንነክሰው ነው፤ ባክቴሪያ ለማቆም ከሻይ ቅጠል ይልቅ እሱ የበረታ ነው።

ልጄ ለምን አልሸተታትም ትሉ ይሆናል። ኢየሩ ጡት ከጣለች ጀምሮ የጠጣችው ሻይ ከዚያ ጣሳ ነው። ለእሷ የሻይ ቅጠል ጠረን ማለት ይሄ ነው። እኔም ጠርሙሱን ተቀብዬ አሸተትኩት፤ ሻይ ሻይ ነው ያለኝ።

"ልንነግራት ነው" አለች ጀዊሪያ።

"ምን?"

"ሲና ዛሬ ስትመጣ..." እስከ ዛሬ ስትደነግጥ ስም ይጠፋባታል፤ ሲና የልጅ ልጇ ናት። "ኢየሩ ስትመጣ እንነግራታለን።"

"አብደሻል?" አልኳት። ተነሣሁ፤ መቀሱ ከጭኔ ወደቀ። "ሦስት ሳምንት ነው የቀራት! ዲግሪዋ ይቅር? ሥራው ይቅር? እስኪያልፍላት ዝም በይ፣ ከዚያ ትነግሪያታለሽ። ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ነን የምናውቀው።"

"አላህም ያውቃል።"

"ጌታም ያውቃል! እሱ ግን ፈታኝ አይደለም!"

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን የተናደድኩት ከልቤ ነው። ጀዊሪያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ድምጿን ስታወርድ ነው የሚያስፈራው። "ነገ አንድ ሰው ጽሑፏን አንብቦ፣ ባዶ ሻይ ቅጠል ገዝቶ ይሞክረዋል። ቀለበቱ የለም። ያኔ ኢየሩን ምን ይላታል? ውሸታም። በእኔ ጣሳ ልጅቷ ውሸታም ልትባል ነው?" ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "እናቷ አንቺ ነሽ። ካንቺ ብትሰማው ይሻላታል። እስከ ሐሙስ ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።"

መስኮቷን በካርቶን ዘጋኋት። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ በመዶሻ መትቼ። ሁለት ቀን ሻይ አልጠጣሁም። ራሴን አመመኝ፣ የሰው ቀሚስ ላይ ጥለቱን ገልብጬ ሰፋሁ፣ ፈታሁት፣ እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት። ጠዋት ጣሳው አልተነቀነቀም። ሻይ ቤቱ ሻይ ያፈላል፤ ከምን እንደምታፈላ ግን አላውቅም። እንድርያስ የሚባል ሽማግሌ ሸማኔ በራፌ ላይ ቆሞ "ዛሬ ሻዩ ምን ሆነ? ጀዊሪያ ታመመች?" አለኝ። "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ!" ብዬ አባረርኩት፤ ምስኪን።

ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ "ጌታ ሆይ፣ እባክህ ጀዊሪያን ዝም አሰኝልኝ" ማለት ጀመርኩ። መሃል ላይ ምን እየጸለይኩ እንደሆነ ሰማሁትና ዓይኔን ገለጥኩ። መጋቢያችን ስለ ምን እንደሰበኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ኢየሩ ስፌት ቤት መጥታ ትበላለች። ዛሬ ልንገራት ብዬ ቆርጬ ነበር። "ኢየሩዬ" አልኳት። "አቤት እማዬ።" ጽሑፏን እያገላበጠች ፈገግ ትላለች፤ ሦስት ዓመት የለፋችበት ነው። "ምሳሽን ብይ" አልኳት።

በሩ ተከፈተና ጀዊሪያ ገባች። በመስኮት አይደለም፤ በበር። ጣሳዋን ብብቷ ሥር ይዛለች። አየችኝ፤ እንዳልነገርኳት ገባት። አሁን በልጄ ፊት ታዋርደኛለች ብዬ ክር መጠምጠም ጀመርኩ፤ የማልፈልገውን ክር።

"ኢየሩ፣ ልጄ፣ ቁጭ እንዳልሽ ስሚኝ" አለች። "ሻይ ቅጠሉ ውስጥ የቅርንፉድ ድቃቂ ነበረበት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእኔ ጣሳ ነው። ጠርሙሱን ስናሸት ነው ያወቅነው። እናትሽ 'ልጄ ሳታውቅ ፈታኝ ፊት አትቆምም፤ እንንገራት' ብላ ነው ያስመጣችኝ።"

ክሩ ከእጄ ወደቀ። ያቺ ሴት ወተት አንድ ሰዓት ቀድሞ ተበላሸ ብላ የምትደፋ ሴት ናት፤ በሕይወቷ ስትዋሽ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አፌን ከፍቼ "አይደለም" ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ።

ኢየሩ ጣሳውን ተቀበለች። አፍንጫዋን አስገባች፣ ቂጡን በወረቀት ላይ መታችው፣ ድቃቂውን አየች። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከምጠርገው ቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል። አለቀሰች። ጀዊሪያም አለቀሰች። እኔማ ምን ልበላችሁ። ከዚያ ልጄ አፍንጫዋን በነጠላ ቅዳጅ ጠርጋ ዶክተር ጸሐይ ጋ ደወለች። ስትሰማ፣ ስትሰማ፣ "እሺ... እሺ ዶክተር" ስትል ቆየችና ስልኩን ዘጋች።

"ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ እንገናኝ አሉኝ። አዲስ ቅጠል። ደግሞ ጣሳውንም ይዘሽ ነይ አሉኝ።"

"ጣሳዬን?" አለች ጀዊሪያ።

"ንጹሑን ቅጠል ለብቻ፣ ቅርንፉዱን ለብቻ፣ የጣሳውን ለብቻ እንሞክራለን። ንጹሑ ቅጠል ብቻውን ምንም ካላደረገ ግን፣ እትዬ፣ ዘንድሮ ዲፌንስ የለም።"

አዲሱን ቅጠል የገዛችው ጀዊሪያ ናት፤ ያልተከፈተ ፓኬት። ከእኛ ቤት ማንም እንዳይነካው ብላ በፌስታል ላይ ፌስታል አድርጋ፣ በሁለት ጣት ከራሷ አርቃ ይዛ ሰኞ ጠዋት ራሷ ልታደርስ ታክሲ ገባች። እኔም አብሬያት ነበርኩ፤ ባንነጋገርም አብሬያት ነበርኩ። ረዳቱ "እማማ፣ ፈንጂ ነው እንዴ የያዙት?" አላት። "ከፈንጂ ይብሳል! ንዳ በለው!" አለችው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም አመለጠኝ። እሷም አየችኝና ሳቀች። እስከምንወርድ ድረስ መሳቅ ማቆም አቃተን፤ ፌስታሉ በሁለት ጣቷ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሲመሽ ካርቶኑን ነቀልኩት። "ለምን እንደዚያ አልሽላት?" አልኳት በመስኮቷ።

ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ላንቺ ብዬ አይደለም። ውጤቷንም እናቷንም በአንድ ቀን እንዳታጣ ብዬ ነው" አለችኝ። ከዚያ ሻይ አቀበለችኝ። ስኳር የለውም። አልጠየቅኋትም፤ ጠጣሁት።

ባክቴሪያ ለመብቀል አንድ ቀን ይፈልጋል። ያን አንድ ቀን እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቁኝ። ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ድምፁን ለሁላችን ከፈትኩትና መስኮቷ ላይ አስቀመጥኩት።

"እማዬ! አለ! ቀለበቱ አለ! ስታፊሎኮከስ ላይ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር!"

"ሳልሞኔላውስ?" አልኩ።

"እሱ ላይ የለም። ምንም የለም። ድሮም የቅርንፉዱ ሥራ ነው። ግን እማዬ፣ አሥራ ሁለቷ የሻይ ብቻ ናት! ንጹሕ የሻይ!"

ሃያ አንድ አልነበረም። ይህ ግን የእኛ አሥራ ሁለት ነው። ጀዊሪያ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች፣ እኔ "ሃሌሉያ!" ብዬ ጮህኩ፣ እንድርያስ ከመወርወሪያው ጋር ከግቢው ሮጦ ወጣና "ማን ወለደ?" አለ።

በቀሩት ቀናት ልጄ እንቅልፍ አላየችም፤ ሦስት ሦስቴ ደጋገመችው፣ ጽሑፉን ከግማሹ በላይ እንደ አዲስ ጻፈችው። በዲፌንሱ ቀን ጀዊሪያ እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዎች "ይሄ የፈታኞች ነው" አሏት። "እኔም ልፈትን ነው የመጣሁት" አለች። ወደ ኋላ ጎትቼ አመጣኋት።

ኢየሩ ቆማ ስታስረዳ የምገባበት ጠፋኝ፤ ያቺ ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ጣቷን ስትጠባ የነበረች ልጅ ናት። ሦስቱን ቀለበቶች ግድግዳው ላይ አሳየች። ንጹሕ ቅጠል፣ ቅርንፉድ፣ ሦስተኛው ደግሞ "የጣሳ ሻይ" ይላል። ሻይ ቅጠል አንዱን ባክቴሪያ እንደሚያቆም፣ ሌላውን እንደማያቆም፣ መድኃኒት ነው እንዳልተባለ፣ ገና ብዙ እንደሚቀር ተናገረች። ከውጭ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ዱጉማ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩ።

"የመጀመሪያው ውጤትሽ ከዚህ የሚበልጥ ነበር" አሉ። "ስሕተቱን እንዴት ደረስሽበት?"

"እናቴ ናት ዶክተር" አለች ልጄ፤ ፊቷ በራ። "የእትዬ ጀዊሪያ ጣሳ ነበር፤ ግን 'ሳታውቅ አትቆምም፣ እንንገራት' ያለችው እናቴ ናት። እዚያ ተቀምጣለች።"

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ዶክተር ዱጉማ መነጽራቸውን አወለቁ። "እንዲህ ያለ እናት ማግኘት..." ብለው ጀመሩ። አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለው።

ያ ጭብጨባ ጀርባዬ ላይ እንደ ካውያ ነው ያረፈው። ጀዊሪያ በጎን አየችኝና ክንዴን ያዝ አደረገች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። ሦስት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ተነሣሁ።

"ውሸት ነው!" አልኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ዶክተር ጸሐይ ብዕራቸውን ጣሉ።

"ያሸተተችው ጀዊሪያ ናት፣ እንንገራት ያለችው ጀዊሪያ ናት! እኔ ዝም በይ ነው ያልኳት! ዲግሪው እስኪያልፍ ዝም በይ ብዬ መስኮት በሚስማር መትቻለሁ! እሷ ለእኔ ብላ ነው የዋሸችው! ኢየሩ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ በቃ!"

"ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ አንቺ!" ትላለች ጀዊሪያ ቀሚሴን እየጎተተች። "ቀውስ! አሁን ማን ጠየቀሽ!"

ኢየሩ እኔን አየች፣ ጀዊሪያን አየች። ያለቀሰች መሰለኝ፤ ልጄ ግን እየሳቀች ነው፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። ያኔ አዳራሹ በሙሉ ፈነዳ። ዶክተር ዱጉማ በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ወደ ሌሎቹ ፈታኞች ጎንበስ ብለው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

"ወይዘሪት ኢየሩ" አሉ፤ "ሥራው እጅግ ጥሩ ነው፤ አልፈሻል። አንዲት ማስተካከያ ብቻ አለች። የምስጋናው ገጽ ላይ የተጻፈው ትክክል ስላልሆነ ይታረም።"

በሐምሌ ሥራዋን ጀመረች። ጣሳው ከላብራቶሪ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አልታጠበም፤ ጠዋት ጠዋት ሦስት ጊዜ ይነቀነቃል። የታረመችዋን ገጽ ጀዊሪያ ከጽሑፉ ቅጂ ላይ በመቀስ ቆረጠችና በእኔ በኩል መስኮቷ ጎን ለጠፈቻት። በእኔ በኩል ነው የለጠፈቻት፤ እሷ በኩል ቦታ ሞልቶ ሳለ። "ለወይዘሮ ጀዊሪያ፣ እውነቱን ለነገረችኝ" ይላል። ከሥሩ፣ "ለእናቴ ለወይዘሮ የሺሀረግ፣ ቆይታም ቢሆን ለነገረችኝ።"

በየቀኑ ሻዬን ስጠብቅ አነበዋለሁ። አሁን ስኳር ትጨምርልኛለች።